የእናት ኩሬ ዓሣ

ባለፈው እሁድ ሚዛን አማን ከተማ አንድ ሆቴል ገብቼ ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ። አስተናጋጁ «ትናንት ከጋምቤላ የመጣ ነው» ብሎ በኩራት ሲነግረኝ ደሜ ፈላ፤ ወንዝ በደጁ የሚያልፍ አገር ዓሣ በመኪና ያስመጣል። ይባስ ብሎ ከወዲያኛው ጠረጴዛ የድሮው የቀበሌ ሊቀመንበራችን ዓሣውን ፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ እኔ አልለውም። ቀና ብሎ አየኝና «እንደ አባትሽ ዓሣ የጣፈጠኝ የለም» አለኝ። የሎሚውና የዘይቱ ሽታ ከነንዴቴ ልጅነቴ ላይ ወስዶ ጣለኝ።

ቤታችን ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቡናችን ከወንዙ ጋር የሚዋሰንበት ቦታ ላይ ነበር። አባቴ የሸኮ ሰው ነው፤ ዓመቱን የሚቆጥረው በወንዙ ነበር። ክረምት ውሃው ደፍርሶ ሲያጓራ መንጠቆውን ጣራ ሥር ሰክቶ ይቀመጣል፤ ዝናቡ አባርቶ ውሃው መጥራት ሲጀምር ዳር ሆኖ አንድ ሁለት ያወጣል፤ በጋ ገብቶ ወንዙ ሲቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ሲሆን ደግሞ መንደሩ ይጠራራና የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ኩሬው ውስጥ ይበትናል፤ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ሲንሳፈፍ እኛ በቅርጫት እንዝቃለን። ታላቅ ወንድሜ ታደለ የሞተ የመሰለውን አምባዛ አቅፎ ሊወጣ ሲል አምባዛው ነፍስ ይዘራና ተያይዘው ይወድቃሉ። ከወሎ የመጣችው እናቴ ዓሣ በፆም ይበላል አይበላም እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ውላ፣ ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ሙግቱን ትተወዋለች።

አንድ ኩሬ ግን አይነካም። ሾላው ሥር ያለው ጥልቁ፣ የእናት ኩሬ የምንለው ነው። ከበጋው የተረፉት ዓሦች እዚያ ይቆዩና የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እንቁላላቸውን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። እዚያ ብርብራ መበተን ነውር ነበር፤ ነውርነቱንም ለልጆች የሚያስተምረው አባቴ ነው።

አንድ ዓመት፣ ደመናው መጠራቀም ሲጀምር፣ ወጣት ለውትድርና ይታፈስ ነበርና ታደለን ከገበያ አፍሰው ቀበሌ ቆለፉበት። በዚያው ሳምንት ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሊቀመንበሩ ደጃችን መጥቶ «ለእንግዶቹ ዓሣ አቅርብ፣ ልጅህን አስቀርልሃለሁ» አለው አባቴን። አባቴ ሌላው ኩሬ ሁሉ ማለቁን፣ የቀረው የእናት ኩሬ ብቻ መሆኑን ነገረው።

«የሚበልጥብህ ዓሣው ነው ልጅህ?» አለውና ሄደ።

እስቲ ይህ አባት የሚጠየቀው ጥያቄ ነው? አባቴ ጎረቤት ሳይጠራ ብርብራውን ብቻውን ወቀጠ፤ ብቻውን በተነ። እናቴ የአምባዛዎቹን ሆድ ስትከፍት እንቁላሉ በጣቶቿ መሃል ይፈስ ነበር፤ እያለቀሰች አጠበች፣ እያለቀሰች ጠበሰች። እንግዶቹ ከሊቀመንበሩ ጋር በሉ፣ ጠጡ፣ ስለ ሰፊው ሕዝብ ተናገሩ። በማግስቱ ታደለን ከሌሎቹ ጋር በጭነት መኪና ወሰዱት። አባቴ ቀበሌ ሄዶ ቢጠይቅ «ትእዛዙ ከበላይ ነው» አሉት።

ቤት ገብቶ መጥረቢያውን አነሳና ለቡናችን ጥላ የነበረውን ብርብራ ገነደሰው። እናቴ ቡናው ፀሐይ ይፈጀዋል ብትለው «ይፍጀው» አላት። ፈጀውም። ታደለ አልተመለሰም፤ ሞተ ብሎ ያረዳን የለም፣ ለቅሶም አልተቀመጥንም።

ከዚያ ወዲያ የእናት ኩሬን የሚፈራ ጠፋ። «ባለቤቱ የነካውን እኛ ምን ቸገረን» እያሉ በየበጋው ብርብራ በተኑበት፣ በመጨረሻ ጣት የምታክል ዓሣ እንኳ አልተረፈበትም። አባቴም ወንዙን ያጠፋው እሱ ነው ሲባል እየሰማ ሞተ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ የበላው ሰው ስሙ ሳይነሳ፣ የታማው አባቴ መሆኑ።

የእኔን ሳህን ሳልነካ ሂሳብ ከፈልኩና ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ አጠገብ ቆምኩ።

«የአባቴን ዓሣ ታደለም ይወደው ነበር» አልኩት።

አጥንቱን ከአፉ አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

«ታደለ ማነው?» አለኝ።