አስሩን ደቂቃ የሚዘልለው መነጽር

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሐርጌሳ፣ ከዋሄን ገበያ ጀርባ የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት የኤሌክትሪክ መኪና መቀበል ሲጀምር፣ "የሥልጠና ወረቀት የሌለው ሰኞ እንዳይመጣ" አለን። ሃያ ዓመት የቤንዚን ሞተር ፈትቼ የገጠምኩት ሰውዬ፣ ከአዲስ አበባ በመጣ ወጣት አሠልጣኝ ፊት ትልቅ ጥቁር መነጽር አጥልቄ አየር ላይ ብሎን ስፈታ ሰነበትኩ። ይሁን፣ መማር አያሳፍርም። መነጽሩም ግሩም ነው፤ የሌለውን መኪና ከነአንጀቱ ፊትህ ይዘረግፈዋል፣ ብትሳሳትም የሚነካህ ነገር የለም።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የባትሪው ዋና ማቋረጫ ከተነቀለ በኋላ፣ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወጣ አስር ደቂቃ ምንም ሳይነኩ መጠበቅ፣ ከዚያም በቮልት መለኪያ ማረጋገጥ ግድ ነው። መነጽሩ ውስጥ ግን "እለፍ" የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ስትጫን አስሩ ደቂቃ አለፈ ይባላል፣ መለኪያውም ዜሮ ያሳይሃል። ሁሉም ይጫናል። እኔ አልጫንም ብዬ ቁጭ አልኩ።

"ጋሼ፣ ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው እኮ! ይጫኑትና ይለፉ" አለኝ አሠልጣኙ።

"እጄ ምን ይልመድ?"

ሳቀና "ዘገምተኛ" ብሎ ነጥቤን ቀነሰው። መሐመድ ሞጌ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነው የአገሬ ልጅ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ በፍጥነት አንደኛ ወጣ።

የመጨረሻው ፈተና በእውነተኛ መኪና ነበር። ጎረቤቴ ማቋረጫውን ነቀለ። አውራ ጣቱ አየር ላይ አንዴ ተጫነች። የሌለ ቁልፍ! ከዚያ የጎማ ጓንቱን አውልቆ ባዶ እጁን ወደ ባትሪው ገመድ ሰደደ። ዘልዬ ክንዱን ያዝኩት።

"የሰው ፈተና አቋረጡ፤ ወድቀዋል" አለ አሠልጣኙ፣ ስሜን እየሰረዘ። ወረቀት የለም፣ ሰኞም ሥራ የለም ማለት ነው።

ጎረቤቴ ፊቱ አመድ መስሎ እጁን ያያል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የአባወራን ሕይወት ግን አፍስሶ ማን ይለቅማል?

"በል አንተ ንካው" አልኩት አሠልጣኙን። "እኔ አላቋርጥህም።"

ወደ መኪናው አልቀረበም። ሰዓቱን አየ፤ ድፍን አስር ደቂቃ ቆሞ ጠበቀ።

ወረቀቱን ግን አልሰጠኝም።