ወንድሜ የጤና ወኪል የሆነ ጊዜ

የመንደራችን ሰዎች ታናሽ ወንድሜን ለጤና ሥልጠና ጎንደር የላኩት ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። ስለሚያነክስ ነው። ይህን ስናገር እስከ ዛሬ የሚከፋቸው አሉ፤ ይክፋቸው።

መንደራችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። በደርግ ዘመን የጤናው አሠራር ሊለወጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። ከእንግዲህ ለትንሹም ለትልቁም ሕመም ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ደባርቅ መውጣት ይቀራል ተባለ። እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ከራሱ ሰው መርጦ ይልካል፤ የተላከው ሠልጥኖ ሲመለስ የመንደሩ የጤና ወኪል ይሆናል፤ ማኅበሩም መሬቱን እያረሰለት ያኖረዋል። ወሬው ደግ ነበር። ግን ያንኑ ሰሞን ጎረምሶች ከገበያ እየታፈሱ ወደ ጦር ሜዳ ይጫኑ ነበርና፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወጣት ስጡ ሲባል ሁሉም አንገቱን ደፋ። ሥልጠናው የጤና ይሁን የጠመንጃ ማን ያውቃል? ብዙ ከተንሾካሾኩ በኋላ ወንድሜን አሉ። የቤተ ክህነት ትምህርት ስለቀመሰ ያነባል፤ ወታደር ቤት ቢያስገቡትም እግሩን አይተው ይመልሱታል። እናታችን አለቀሰች። እኔ የማኅበሩን ሊቀ መንበር መንገድ ላይ ጠብቄ የራሱን ልጅ ለምን እንዳልላከ ጠየቅሁት። ልጁ ማንበብ እንደማይችል ነገረኝ። ያ ልጅ ዳዊት ሲደግም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ወንድሜ ጠመንጃ ሳይሆን የእንጨት ሣጥን ይዞ ተመለሰ። ውስጡ የራስ ምታት ኪኒን፣ የዓይን ቅባት፣ ፋሻና ቁስል ላይ የሚቀባ ሐምራዊ መድኃኒት ነበረበት። ሰው ይሻማበታል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ይሸሸው ጀመር። ሽንት ቤት ቆፍሩ ሲላቸው ለምሽግ ነው አሉ። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ይለፍ ብሎ መጨመሩም አልበጀውም። ምንጩን አጥረን ከከብት እንጠብቅ ሲል ደግሞ ጦር ሊሰፍርበት ነው ተባለ። መሬቱን በፈረቃ እናርሳለን ያሉት ሰዎች በመጀመሪያው ክረምት መጡ፤ በሁለተኛው የሁሉም በሬ ታመመ።

እኔም ከነሱ አልሻልም ነበር። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ግን በየጊዜው ደባርቅ እየተጠራ ሲሄድ ማን ምን እያለው እንደሚመለስ አላውቅም። ሲመለስ ንግግሩ ሁሉ የስብሰባ ንግግር ይሆንብኛል።

ወንድሜ ከመሠልጠኑ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብሬያለሁ። ሁለቱንም የወሰደብኝ ኩፍኝ ነው። ሦስተኛውም ወንድ ሲሆን፣ ልጅ የማይበረክትላት ሴት በእኛ አገር የምታደርገውን አደረግሁ። ጆሮውን በስቼ ክር አሰርሁለት፤ እንደ ሴት ልጅ አለበስሁት፤ በሴት ስም ጠራሁት። ክፉ ዓይን ወንድነቱን አይቶ እንዳይቀናበት ነው። ጎረቤት ያውቃል፤ ያጠመቁት ካህናትም ያውቃሉ፤ ግን ማንም በአፉ አያወጣውም። የሚያወጣው ወንድሜ ብቻ ነበር። ከሥልጠና ከመጣ ወዲህ ሰው ፊት "ና እስቲ፣ የኔ ጀግና" እያለ ሲያነሣው ደሜ ይፈላል። ልጆችሽን የገደለው ቡዳ ሳይሆን ኩፍኝ ነው፣ ኩፍኝ ደግሞ መከላከያ መርፌ አለው ይለኛል።

ያ መርፌ ሊመጣ ነው ተባለ። ከደባርቅ መኪና ይመጣል፤ ሕፃናት ሁሉ በማኅበሩ አዳራሽ ተመዝግበው ይከተባሉ። መንደሩን ያመሰው ይኸው ምዝገባ የተባለው ነገር ነው። ዛሬ ወንዶቹን ጽፈው ሲያድጉ ሊወስዷቸው ነው አሉ። ሌላው ደግሞ ሕፃናቱ ሰበብ ናቸው፣ የሚፈለጉት አባቶቹ ናቸው አለ። እኔ ሁለቱንም አመንሁ።

በዋዜማው ባሌ በጎቹን ሊያስገባ እንደወጣ ወንድሜ ቤቴ መጣ። ነገ ልጁን እንዳመጣው ለመነኝ። ስም መጻፍ ለምን አስፈለገ አልሁት። ለሚቀጥለው ዙር ማን እንደተከተበና ማን እንደቀረ ለማወቅ ነው አለ። ለሌላ እንደማይውል ማልልኝ አልሁት። መሬት መሬት አየ እንጂ አልማለም።

"እትዬ፣ ሁለቱን ስንቀብር አጠገብሽ ቆሜ ነበር" አለኝ። "ሦስተኛውን አልቀብርም።"

በማግሥቱ የመንደሩ ወንድ ሁሉ፣ ባሌም ጭምር፣ በጠዋቱ ሊሸሸግ ወደ ገደሉ ወረደ። እኔ ልጄን አዝዬ ከጎረቤቴ ጋር ወደ አዳራሹ ሄድሁ። እሷ ወንድ ልጇን ስትወልድ እኔ ነኝ ወገቧን የደገፍኋት፤ የምትሄደውም እኔ ስለሄድሁ ነው። መንገዱን ሙሉ ልመለስ ልመለስ ይለኝ ነበር። የሞቱት ልጆቼ ፊት እየመጣብኝ ነው ያልተመለስሁት።

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ነርስ ከበረዶ ሣጥኗ አጠገብ ቆማለች። ካኪ የለበሰ፣ የጤና ሰው የማይመስል ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል። ወንድሜ ከጎኑ ሆኖ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት ይነግረዋል። የጎረቤቴ ተራ ደረሰ።

"ወንድ ነው" አለ ወንድሜ።

ሰውዬው ጻፈ። ከዚያ እኔ ቀረብሁ። ቀድሜ ልናገር ስል ወንድሜ አፉን ከፈተ። እንደ ልማዱ እውነቱን ሰው ፊት ሊያፈርጠው ነው አልሁ በልቤ። እሱ ግን ወደ እኔ ሳያይ፣ ድምፁም ሳይለወጥ፣ "ሴት ናት" አለ።

ነርሷ የልጄን ክንድ ወጋች። ልጄ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ። ያን ጊዜ ነው መርፌውን ከልቤ ያመንሁት፤ ወንድሜ መዝገቡን እንደኔው ከፈራና ልጄን ግን ለመርፌው ካቀረበ፣ መርፌው እውነት ነው ማለት ነው። ደስ አለኝ። ዞር ስል ጎረቤቴ ልጇን አቅፋ ወንድሜን ታየዋለች። ሰምታለች።

ከደጇ ስንደርስ፣ "የኔንስ ሴት ቢለው ምን ነበረበት?" አለች።

ቀጣዩ ዙር ሲመጣ ብዙ በር ተዘጋ፤ የመጀመሪያው የእሷ ነበር። ወንድሜ ሣጥኑን ይዞ እያነከሰ ቤቴ መጣ።

"እትዬ፣ አንቺን ታምንሻለችና ሄደሽ ንገሪያት" አለኝ።

ምን ብዬ ልንገራት?