ያልጠጣሁት ስኳር ውሃ

ሐኪሟ መታወቂያዬን አገላብጣ አየችና «የኔታ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ተናደድኩ። ታዲያ የማንን መታወቂያ ይዤ ልምጣ? ከሮብ ገበያ ከተማ ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣሁት ለራስ ምታቴ ኪኒን ልወስድ እንጂ ለፍተሻ አልነበረም። እሷ ግን ከዐሥር ዓመት በፊት የተነሳሁትን ፎቶ ከፊቴ አጠገብ ይዛ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። አፍንጫዬን፣ አገጬን፣ በጥርሶቼ መካከል የሰፋውን ክፍተት።

«የጋብቻ ቀለበትዎስ?»

«ጠበበኝ። በሳሙና ነው ያወለቅነው።»

«ጫማዎስ?»

ሦስት ቁጥር ጨምሯል። ወፍሬ ነው ብዬ ነበር፤ እግር እንዴት በርዝመቱ እንደሚወፍር ግን አስቤበት አላውቅም።

ከአንጎል ሥር አተር የምታህል እጢ አለች አለችኝ። እሷ ላይ እባጭ ከወጣ የእድገት ሆርሞን ከልክ በላይ ይመረታል።

«በዚህ ዕድሜዬ ነው የማድገው?» ብዬ ሳቅሁ።

«ቁመትዎ አይጨምርም። እጅ፣ እግርና ፊት ነው።» እሷ አልሳቀችም።

ለማረጋገጥ በማግስቱ ምግብ ሳልቀምስ እንድመጣ ነገረችኝ። ስኳር ውሃ እጠጣለሁ፤ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ደም ይወሰዳል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ስኳሩ ሆርሞኑን ያወርደዋል። ዐቢይ ጾም ነበርና እኔ የሰማሁት «ምግብ ሳይቀምሱ» የሚለውን ብቻ ነው። በጾም ማን ይቀድመናል!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነርሷ ሙሉ ብርጭቆ አቀበለችኝ። የዜማ ተማሪዎቼን በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ እንዳይቀምሱ የምቆጣ ሰው ነኝ። እጄን ልታጠብ ብዬ ብርጭቆውን እንደያዝኩ ሄድኩና መታጠቢያው ላይ ደፋሁት፤ ከንፈሬን ጠርጌ ተመለስኩ።

«ጨረሱት?»

«ጨረስኩ።»

ክንዴን እየዘረጋሁ ደሜን ሰጠሁ። ጾሜን ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ናሙናው አዲስ አበባ ደርሶ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሆርሞኑ አልወረደም አለችኝ። ባሕር ዳር ሄጄ ጭንቅላቴን በማሽን እንድነሳ፣ ምናልባትም በአፍንጫ በኩል ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ። ግራ ገባኝ። ያልወረደው ታምሜ ነው ወይስ ስላልጠጣሁ? እሷ አለመጠጣቴን አታውቅም፤ የማውቀው እኔ ነኝ፤ መልሱን ግን እኔም አላውቅም።

በጣም ያስፈራኝ ደግሞ ድምፄ ነው፤ እሱም ከዚሁ በሽታ የመጣ ቢሆንስ? ዱሮ ድምፄ ቀጭን ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እየወፈረ፣ እየጎረነነ መጣ። ከበሮና ጸናጽል በማይነካበት በዚህ ጾም ድምፅ ብቻውን ነው የሚቆመው፤ እኔ ዜማውን ስመራ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ወጣቶች በስልካቸው ይቀዳሉ። ጸጋ ነው አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ባለቤቴ ብቻ «ከጓዳ ሆኜ ሲጣሩኝ እንግዳ የመጣ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር። እኔ የሴት ነገር ብዬ ንቄ አልፌዋለሁ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ተማሪዎቼን ሳስተምር ዜማው እየጠፋብኝ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። መጠጡን ከጉዳይም አልቆጠሩት። «ለሕክምና ነው፤ ትጠጣለህ። ያታለልሃትን ሐኪም ግን ሂድና ይቅርታ በላት» አሉኝ። በዕድሜ ከአንዳንድ ተማሪዎቼ ለምታንስ ሐኪም አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ራሷ ብርጭቆውን ሞልታ አመጣችና እስክጨርስ አጠገቤ ቆመች። ብርጭቆውን ባዶ አድርጌ መለስኩላት።

ሁለተኛውም ውጤት መጣ። ስኳሩን ጠጥቼም ሆርሞኑ አልወረደም።

«ድምፄስ?» አልኳት።

«ድምፅዎም ከዚሁ ነው፣ የኔታ። የድምፅ መጎርነን አንዱ ምልክት ነው።»

በመኪና ስመለስ አንድ መንገደኛ አወቀኝና የእኔን ዜማ ከስልኩ ከፍቶ እያመሰገነ አሰማኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንዳልለው ያመሰገነው እኔን ይሁን በሽታዬን መለየት አቃተኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለባለቤቴ ነገርኳት። ቀዶ ጥገናው አስደንግጧት እጄን ያዘችና «ሲታከሙ የዱሮው ድምፅዎ ይመለሳል ወይ ብለው ጠየቁልኝ?» አለች።

ረሳሁት አልኳት። አልረሳሁም። ሐኪሟ ይመለሳል እንዳትለኝ ፈርቼ ነው።