ሰባት ከረጢት ድንጋይ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የተረከብኩት አንድ የእጅ አውገር፣ አንድ ባልዲና አንድ ሸራ ነበር። አውገር አፈር የሚበሱበት ቀጥ ያለ ብረት ነው፤ እጀታውን ይዘው ሲያዞሩት አፈሩን ጨብጦ ይወጣል። አለቃዬ አቶ ጥላሁን ከወልድያ ወደ ሐራ መንገድ ላይ ካለ የማሽላ ማሳ አወረዱኝና "በል ናሙና ውሰድ" አሉኝ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ጥቁር ጥቁሩን፣ ለም የመሰለኝን እየመረጥኩ ባልዲውን ሞላሁት።

አቶ ጥላሁን ባልዲውን አዩና እዚያው ገለበጡት።

"ሚስት ልትመርጥ ነው እንዴ የመጣኸው?" አሉኝ። "ዓይንህን አልፈለግሁትም። እጅህ ይበቃኛል።"

ከዚያ ወዲያ ወዲህ እየተጣመምኩ ማሳውን እንድሄድበት፣ በተወሰነ እርምጃ ልዩነት እንድበሳ አስተማሩኝ። የወጣው አፈር ሸራ ላይ ይደፋና ይደባለቃል። በመስቀል አራት ቦታ ይከፈላል፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ክፍሎች ይጣላሉ፣ ሁለቱ ይቀራሉ። የቀረው እንደገና ይደባለቃል፣ እንደገና ይከፈላል፤ አንዲት ትንሽ ከረጢት የሚሞላ እስኪቀር ድረስ።

"ከተጣለው ውስጥ ያማረ ብታይ እንዳትመልሰው" አሉኝ። "ከመለስከው ላብራቶሪው የሚነግርህ ስለ ማሳው ሳይሆን ስለ ዓይንህ ነው።"

ጀማሪ ቴክኒሻን ሆኜ ገብቼ ከፍተኛ ቴክኒሻን ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። የማዕረጉ ልዩነት ከረጢቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ነው፤ መንገዱ ለሁሉም እኩል ነው። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ አፈሩን ያልበሳሁት ቀበሌ ጥቂት ነው። የባለማሳውን ስም እረሳለሁ፣ የማሳውን አፈር ግን አልረሳም።

ጡረታ ስወጣ ቤት መዋል ከበደኝ። ለባለቤቴም የእኔ ቤት መዋል ከበዳት። በዚያው ሰሞን መርሳ ላይ አነስተኛ የማዳበሪያ ማዕድን አክሲዮን ማኅበር ሊቋቋም ነው ተባለና ናሙና እንድወስድ ጠሩኝ። ከውርጌሳ በላይ ባለ ጉብታ ፎስፌት ያለበት ድንጋይ ታይቷል፤ ተፈጭቶ ለገበሬው ይሸጣል፤ ማዳበሪያ መጣ አልመጣ እያልን መንገድ መንገድ ማየታችን ይቀራል። ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ እኔም ወደድኩት።

አክሲዮን የገዙት ገበሬዎች፣ ሾፌሮች፣ መካኒኮችና ባለሱቆች ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ገበሬ ተነሥቶ "የኔ ዕጣ መቼ ነው የሚወጣው?" ሲል ጠየቀ። መልስ የሰጠችው መርሳ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የምትሸጠው ወይዘሮ ዘነቡ ነበረች።

"አክሲዮን ዕቁብ አይደለም፤ ተራ የለውም። ካተረፈ ሁላችንም እናተርፋለን፣ ከከሰረ ሁላችንም እንከስራለን።"

"ታዲያ ዳኛው ማነው?"

"ድንጋዩ ነዋ" አለችው።

ሰው ሳቀ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። የተሰበሰበው ገንዘብ ባንክ ተዘግቶበት የሚቆየው የላብራቶሪው ውጤት መጥቶ፣ ባለአክሲዮኑ ድምፅ ሰጥቶ የድንጋይ መፍጫው ማሽን እስኪታዘዝ ነው። ከታዘዘ በኋላ መመለሻ የለውም።

ሸህ ሙሄን ያን ቀን ከባለአክሲዮኖቹ መካከል አየኋቸው። ቤታቸው ከጉብታው ሥር ነው፤ ማንጎና ብርቱካን ያለሙ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ማሳቸውን ከሃያ ዓመት በላይ ስበሳ ኖሬያለሁ። ያስገቡት ለሐጅ ያስቀመጡትን ገንዘብ መሆኑን ሲነግሩኝ ደነገጥኩ።

"ሸህ ሙሄ፣ የሐጁን ገንዘብ?"

"ያለኝ ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው" አሉኝ። "ሚስቴን ሐዋን ጥዬ አልሄድም። አላህ ካለ ትርፉ እሷን ይጨምርልኛል። አብሽር፣ አንተ ብቻ ሥራህን በደንብ ሥራ።"

ጉብታው ላይ ሰባት ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ከየጉድጓዱ የወጣውን ድንጋይ አስፈልጬ፣ ሸራ ላይ አራት እየከፈልኩ፣ ሰባት ከረጢት ሞላሁ። መለያ ካርዱን ውስጥ ከትቼ አፉን በሲባጎ ቋጠርኩ። ከረጢት ሲከፈት የሚያጋልጥ የእርሳስ ማሸጊያ አልነበረኝም፤ የማኅበሩ ኮሚቴ ይገዛል ተብሎ ሳይገዛ ቀርቷል።

ከረጢቶቹን የሚጭነው መኪና ሳይመጣ ስልክ ተደወለልኝ። የዕድራችን ሰው አርፏል። ቀብር የቀረ ሰው በሰፈሬ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ከረጢቶቹን ሸህ ሙሄ ግቢ አስቀመጥኩና "አደራዎን" አልኳቸው።

"አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው፤ ሂድ" አሉኝ።

በማግሥቱ ስመለስ ሰባቱም እንደቋጠርኳቸው ቆመው ነበር። ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ላክሁ። በቅጹ ላይ "ናሙናው ከእጄ አልወጣም" ከሚለው ሥር ፈረምኩ። ስፈርም እጄ ትንሽ እንኳ አልዘገየም፤ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ውጤቱ መጣና መርሳ በደስታ ሞላች። ስለ ማሽኑ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ከወልድያ በሚኒባስ ወረድኩ። ሸህ ሙሄ አዳራሹ በር ላይ ጠበቁኝና አንድ ፌስታል ማንጎ ሰጡኝ።

"ራሴ ነኝ የለቀምኩት። አንድ የተመታ አታገኝበትም። እንደ ድንጋይህ ነው።"

"የትኛው ድንጋይ?"

"ለቅሶ ስትሄድ የሰጠኸኝ ነዋ። ከረጢቶቹን ከፈት አድርጌ ባይ ለምንም የማይሆን ኮረት ገብቶባቸዋል። ይሄ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ያሳፍረናል አልኩና ኮረቱን አውጥቼ፣ ከየጉድጓዱ አፍ ነጭ ነጩን ተካሁልህ። ቋጠሮህንም እንደነበረ አድርጌ አሰርኩት፤ ወላሂ አንዲት ፍሬ አላጎደልኩም።"

ፈገግ ብለው ምስጋናዬን ይጠብቃሉ።

የማኅበሩን ሰብሳቢ አቶ ደምሴን ወደ ጥግ ወስጄ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ማኅበር ለማቋቋም ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ጫማው አልቋል። "በላይነህ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ይሄ ይወራል?" አለኝ። "ድምፁ ይሰጥ፣ ማሽኑ ይታዘዝ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እናጣራዋለን።"

እውነቱን ለመናገር ዝም ልል ነበር። በዓይኔ የመጣው ፊርማዬ ነው፤ በስተርጅና ውሸታም መባልን ፈራሁ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ሸህ ሙሄ ከፊት ናቸው። ባለቤታቸው እሜት ሐዋ ከሴቶቹ ጋር ኋላ ተቀምጠዋል። አቶ ደምሴ "ማሽኑ ይታዘዝ የምትሉ" ሲል መጀመሪያ የተነሣው የሸህ ሙሄ እጅ ነበር። ያን እጅ ሳይ መቀመጥ አልቻልኩም።

"ናሙናው ልክ አይደለም" አልኩ። "ከእጄ አልወጣም ብዬ የፈረምኩት ሐሰት ነው። አንድ ቀን ትቼው ሄጃለሁ፤ በዚያ መካከል ድንጋዩ ተለውጧል።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ወይዘሮ ዘነቡ ተነሣች።

"ማን ለወጠው?"

"ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"እሱን ሰማን። ማን ለወጠው?"

ሸህ ሙሄ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቆሙ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ለዘር የሚሆነኝን ከአውድማ መርጬ ነው የማስቀምጥ። ለእንግዳም መልካም መልካሙን ነው የማቀርብ። ይሄ ልጅ ሃያ ዓመት ማሳዬን ሲበሳ፣ እንዴት አድርጎ እንደሚወስድ፣ ለምን እንደዚያ እንደሚወስድ አንድ ቀን አልነገረኝም። መጥፎውም ይፈለጋል ያለኝ የለም። ብትነግሩኝማ መጥፎውንም እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀው ነበር።"

ልጅ ያሉኝ እኔን፣ የጡረታ ደብተር የያዝኩትን ሰውዬ ነው። አፈርኩ። በርሳቸው ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

"እንግዲያ ዳኛው ገና አልፈረደም ማለት ነው" አለችና ወይዘሮ ዘነቡ ተቀመጠች። ገንዘቡ ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ።

ሁለተኛው ናሙና ሲወሰድ ጉብታው ላይ ሠላሳ ያህል ባለአክሲዮን ቆሞ ነበር። ሸራው ላይ አራት የሚከፍሉት ሸህ ሙሄ ይሁኑ አልኩ። ያማረ ነጭ ድንጋይ ከሚጣለው ክፍል ሲገባባቸው እጃቸው ቆም አለ፤ ቀና ብለው አዩኝ።

"ይሄም ይጣል?"

"ይጣል።"

ጣሉት። ከረጢቶቹ በእርሳስ ታሽገው ከሦስት ባለአክሲዮኖች ጋር ሄዱ። በዚህኛው ውጤት ከሰባቱ ጉድጓድ ረብ ያለው የሁለቱ ብቻ ሆነ፤ ማሽን የሚያስገዛ አልነበረም። ማኅበሩ ፈረሰ፣ ሰዉም ገንዘቡን ከባንክ መልሶ ወሰደ። አቶ ደምሴ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን የሚመልሰው ከሩቅ ነው። እኔንም ለናሙና የጠራኝ የለም።

የሸህ ሙሄ ገንዘብ እንደበፊቱ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሆኖ ተመለሰ። የሐጅ ጊዜ ሲደርስ ወልድያ መናኸሪያ አገኘኋቸው። የሚሳፈሩት እርሳቸው መስለውኝ "በሰላም ይግቡ" አልኳቸው።

"እኔ አይደለሁም" አሉኝ። "ሐዋ ናት። ወንድሟ በራሱ ወጪ የሚሄድ ሆነ፤ ከሱ ጋር ላክኋት።"

እሜት ሐዋ ከመኪናው መስኮት እያዩን ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሸህ ሙሄ መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

"ያን ቀን ዝም ብለህ ቢሆን ኖሮ" አሉኝ፣ "እሷም አትሄድም ነበር።"

ከረጢት ለሰው ትታችሁ አትሂዱ። መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ፣ የሚጠብቅላችሁን ሰው መጥፎውም ድንጋይ እንደሚፈለግ ንገሩት።