መጥሪያውን ማን ያድርስ

በጸሐፊነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ኢድሪስ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ስለ ላብ ነው። የአሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት አሳልፈው የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ሆነው ነበር። «ፎጣ አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊ፤ ላብሽ ካርቦን ወረቀቱ ላይ ከተንጠባጠበ ሦስቱም ቅጂ ይበላሻል» አሉኝ።

«ታዲያ ቬንትሌተሩን ለምን አታሠሩትም?»

«ከአንቺ በፊት የነበረችውም እንዲሁ ትል ነበር» ብለው ሳቁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም ነበር። ግን ያችን የሸንጎ ጽሕፈት ክፍል ወደድኳት። በመስኮቱ የመርከብ ጥሩምባ ይገባል፤ ከበሩ ፊት የአዲስ አበባ ተሳቢ መኪኖች ተሰልፈው ወደብ ለመግባት ተራ ይጠብቃሉ፤ ረዳቶቹ ውሃ ሊለምኑ ሲገቡ አንድ ቀልድ ሳይጥሉ አይወጡም። አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት ቬንትሌተሩ ይሠራል፤ የሚቀልድ ግን የለም።

ሥራዬ ክስ መመዝገብና በጽሕፈት መኪና መጥሪያ መምታት ነበር። መጥሪያው በሦስት ቅጂ ይመታል። አንዱ ፋይል ውስጥ ይቀራል፤ ሁለቱን ከሳሹ ራሱ ወስዶ አንዱን ለተከሳሹ ይሰጣል፤ በሌላው ላይ አስፈርሞ ይመልሳል። ክሱን ለማሳወቅ አንድ መጥሪያ፣ ለቀጠሮው ቀን ደግሞ ሁለተኛ መጥሪያ እንዲሁ ይሄዳል። ደንቡ ይኸው ነው። ለአጥርና ለፍየል ክስ ደህና ይሠራል።

ተዋበች የመጣችው አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኖ ነው። ባሏ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። «ይደበድበኛል። ከቤት ይውጣልኝ» አለች። መዘገብኩ፤ መታሁ፤ ማኅተም አስደርጌ ሰጠኋት።

«እኔ ነኝ የምሰጠው?»

«ደንቡ ነው» አልኳት፤ ቀና እንኳ አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን ቀኝ እጇን በሻሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። የተፈረመበትን ቅጂ በግራዋ አቀበለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«መጥሪያ አደረስኩ» አለችኝ። ቀጥላም «ክሱን ሰርዥልኝ፤ ሁለተኛውን አልችለውም» አለች።

ሰው ፊት አላለቅስም፤ ያን ቀን አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ጋሽ ኢድሪስ ዘንድ ገባሁ። «ሁለተኛውን መጥሪያ እኔ እወስደዋለሁ።»

«አንቺ ጸሐፊ ነሽ፤ ተላላኪ አይደለሽም።»

«እሷንስ ተላላኪ አድርጎ የቀጠራት ማን ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ወረቀት ሳገላብጥ ይህን አላየሁም» አሉ። ከመጥሪያው ግርጌ «በአለቃው በኩል ይድረሰው» ብለው በእጃቸው ጻፉበት። ተዋበችን ደግሞ ለቀጠሮው ቀን እስክትቀርብ ቤታቸው፣ ባለቤታቸው ዘንድ ወሰዷት።

ወደቡ በር የደረስኩት ፈረቃ ሲለወጥ ነው። ካቦው፣ አለቃቸው ማለት ነው፣ ሰውየውን አስጠራልኝ። ጫኞቹ ከበቡን።

«የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ፣ እህታለም?» አለ አንዱ።

«የፍቅር ቢሆን ማኅተም ምን ያደርግለታል?»

ሳቁ። ባልየው ግን አልሳቀም። «ለሚስቴ ለምን አልሰጠሻትም?» አለኝ።

«ያለፈውን ስታመጣልህ እጇን ሰበርከዋ!»

መጥሪያውን ዘረጋሁለት። ካቦው እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠውና «ፈርም» አለው። ባልየው ፈረመ፤ ካቦውም በምስክርነት ፈረመ። በቀጠሮው ቀንም ካቦው ራሱ ባልየውን ይዞት መጣ።

ሸንጎው የሚኖሩበትን የቀበሌ ቤት ውል ወደ ተዋበች ስም አዞረው። ሰውየው ወደ ወንደላጤ ሠራተኞች ሰፈር ሄደ። ውሉን የመታሁት እኔ ነኝ። በግራ እጇ ስትፈርም ፊደሎቹ ተወለጋገዱ፤ ጋሽ ኢድሪስ አጎንብሰው እያዩ «አሁን ይኼ ፊርማ ነው?» አሏት።

«የገዛ ቤቴ ነው ጋሼ፤ እንደፈለግኩ እፈርማለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲያ፣ አሰብን እስክለቅ ድረስ፣ ሚስት ባሏን ስትከስ መጥሪያውን በእሷ እጅ ልኬ አላውቅም። በየቀበሌው የጽሕፈት መኪና ለምትመቱ ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው፦ ወረቀቱን ለከሳሿ ከመስጠታችሁ በፊት ወደማን ይዛው እንደምትሄድ ቀና ብላችሁ ጠይቋት።