ሻምበልና የጤናዬ ነጠላ

ጤናዬ ኮልፌ ውስጥ በቁጣዋ ትታወቃለች። ካውያዋ ሳይግል እሷ ትግላለች ይላሉ ጎረቤቶቿ። ይበሉ። ግን ያን ጊዜ፣ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ከፋሲካ በኋላ፣ ለምን እንደዚያ እንደተንጨረጨረች አብረው ቢያወሩ ምን ነበረበት? ሰው ቁጣዋን ይዞ ምክንያቱን እየጣለ ስሟን አጠፋው።

ሥራዋ የወታደር ልብስ መተኮስ ነበር። ከጦር ኃይሎች በኩል ካኪ ይላክላታል፤ በከሰል ካውያ ተኩሳ፣ የሱሪውን መስመር ቀጥ አድርጋ ትመልሳለች። ከምትተኩስበት ጠረጴዛ በላይ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር፣ የሳሙና ሳጥኖች በምስማር አስመትታ እርግቦች ታረባለች። ለሌላ ሰው እርግብ ሁሉ እርግብ ነው። ለጤናዬ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ጠባዩ አይገናኝም። ባልቴት የምትላት ግራጫዋ ቀኑን ሙሉ ስታጉረመርም ትውላለች፤ ስንዴ ተበትኖላት ጠግባም ታጉረመርማለች። አመዶ ሌባ ነው፤ ከሌሎች ጎጆ ጭራሮ እየሰረቀ የራሱን ይሠራና፣ ሲያዝ ምንም እንዳላደረገ ፊቱን ያዞራል። ድንቡሼ ዝምተኛ ናት፤ እንቁላሏን ከታቀፈች ጣሪያው ቢነሳ አትነሳም።

የድንቡሼ ባል ሻምበል ነው። ነጭ ነው፤ አንገቱ ብቻ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴና ሐምራዊ ይሆናል። ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ጤናዬ ልብሱን የምትተኩስለትን አንድ መኮንን ቁርጥ ስለሆነ ነው ይህን ስም ያገኘው። ጫጩት ሳለ ከሳጥኑ ወድቆ እናቱ ስለተወችው፣ በሶ በአፏ እያላመች አጉርሳ ያሳደገችው እሷ ናት። በዚህ የተነሳ ራሱን ከሰው ይቆጥራል። ጠዋት ባለቀይ ጥለት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ካውያውን ስታነሳ፣ መጥቶ ትከሻዋ ላይ ይሰፍርና ጆሮዋን ይነካክሳል። ሌላ ሰው እጁን ቢዘረጋለት ጀርባውን ይሰጠዋል። ረፋድ ላይ ደግሞ ወደ ድንቡሼ ወጥቶ በደረቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ያስነሳታል፤ እስከ አሥር ሰዓት ግድም እንቁላሎቹን እሱ ይታቀፋል። እሷ የምትበላውና የምትጠጣው ያኔ ነው። በዚያ ሰሞን እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

የጤናዬ ባል በየነ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን በተሻለ ነበር፤ በክፉ ሰው ላይ አፍ ሞልቶ ይጮህበታል። በየነ ጨዋ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚመሰክርለት ጨዋ። ትልቅ ሰው ቤቱ ገብቶ አንድ ነገር ካደነቀ «ለእርስዎ ይሁን» የሚለው ቃል ከአፉ ያመልጠዋል። ልማዱ ልማድ ነው፤ ባለርስት ያደነቀውን ያልሰጠ ንፉግ ይባላል። ሌላው ሰው ግን የሚያምር ዕቃ ካለው ደብቆ ይቀመጣል፤ በየነ ደግሞ አውጥቶ ያሳያል። በዚህ ምላሱ የጤናዬ ጠቦት ሄዷል፤ ከእናቷ የወረሰችው በርጩማ ሄዷል። ልብ በሉ፣ ሲሰጥ የሚሰጠው የሷን ነው። ምስጋናው የሱ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ጤናዬ የተተኮሰውን ልብስ ልታደርስ ወጣች። ነጠላዋን ጥቀርሻ ነክቶት ስለነበር አጥባ አጥሩ ላይ አሰጥታው ነው የሄደችው። ስትመለስ ነጠላው የለም። ሻምበልም የለም። ረፋዱ አልፎ፣ ድንቡሼ ከእንቁላሏ ሳትነሳ አንገቷን አስግጋ ወደ በሩ ታያለች።

«ሻምበል! ሻምበል!» ብላ ስትጣራ፣ ጎረቤቷ ዘይነባ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ጤንዬ፣ አትጣሪ። ወይዘሮ ዱሬቲ ወሰዱት።»

ወይዘሮ ዱሬቲ የባለርስቱ ሚስት ናቸው። የጤናዬ ቤት የቆመበት ቦታ የእነሱ ነው፤ አልፈው አልፈው ርስታቸውን ሊያዩ ይመጣሉ።

«እንዴት አድርገው ያዙት? እሱ እኮ ለሰው አይጠጋም!»

ዘይነባ መናገሩ አስጠላት። «እሳቸው መች ያዙት» አለች። «አደነቁት። ጋሽ በየነ ለእርስዎ ይሁን አላቸው። ቢጠራው አልመጣ አለው። ከዚያ ያንቺን ነጠላ ካጥሩ አንስቶ ተከናነበና ጠረጴዛሽ አጠገብ ቆመ። ምን ልበልሽ፣ መጥቶ ትከሻው ላይ አረፈ።»

ጤናዬ ወደ በሩ ዞረች። ከዚያ በየነ ነጠላዋን አጣጥፎ በክንዱ ይዞ ከጓሮ ሲመጣ አየችው። ያኔ ሰፈሩ ሰማ።

«በኔ ነጠላ! አንተ ሰው፣ በኔ ነጠላ?»

«አደነቁት እኮ፣ ጤናዬ። በሰው ፊት ምን ልበል?»

«እግዜር ይስጥልኝ በላ! አንተ ዘንድ ይሄ ቃል የለም? አመስግነህ ዝም ማለት ምን ያስከፍልሃል?»

«ወፍ ነው። ሌላ ይፈለፈላል።»

«ማን ታቅፎት? ድንቡሼ ተነስታ ካልበላች ትሞታለች፤ ከተነሳች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። አንተ ታቀፍላት!»

ያን ቀን ውሃና ስንዴ በእጇ ይዛ ድንቡሼን እዚያው ጎጆዋ ላይ ልታበላት ታገለች። ድንቡሼ አልበላም አለች። በማግስቱ ጠዋት ጤናዬ በየነን ቀና ብላ ሳታየው፣ ነጠላውንም ጥላው፣ በሹራብ ብቻ ወጣች።

የእነ ወይዘሮ ዱሬቲ ግቢ ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በሩ ላይ ዘበኛው ቡልቻ አስቆማት።

«እሜቴ እንግዳ ይዘዋል። እዚያ ጥግ ቆይ።»

ቆየች። ወደ ውስጥ ገብቶ የሚነግርላት የለም። ደጅ መጥናት የሚሉት ይህ ነው፤ ፀሐይ አናት እስኪበሳ ቆሞ የገዛ ንብረትን መለመን። ድንቡሼ ጎጆዋ ላይ ስትደክም እየታያት ቆማ ሳለ፣ በየነ ብቅ አለ። የሷን ባለቀይ ጥለት ነጠላ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዟል። ቡልቻ ገና ከሩቅ ሲያየው በሩን ከፈተለት። ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው ደጅ አይጠናም።

«ምንድነው የያዝከው?» አለች ጤናዬ።

ደነገጠ። «አንቺ እዚህ... ከወጣሽ በኋላ ከዚህ ቤት ሰው ተልኮ መጣና ወፉ አልበላ ብሏል አለኝ። እሜቴም አዝነዋል። ሚስቱ አብራው ብትሆን ይበላል ብዬ...»

ከነጠላው እጥፋት የድንቡሼ ራስ ብቅ ብሎ ነበር። ከእንቁላሎቿ ላይ አንስቷት ነው የመጣው።

ጤናዬ ቡልቻን በክርኗ ገፍታ ባሏን ተከትላ ገባች። ሳሎኑ ውስጥ እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው የወይዘሮ ዱሬቲ አማት፣ እማማ ዘመነች የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ሻምበል መስኮቱ አጠገብ በሽቦ ቤት ውስጥ ነው። የክንፉ ላባዎች በመቀስ ተቆርጠው ደረቱ ጠቦ ጥጉን ይዟል። እንደዚያ ሲንጎራደድ የነበረው ፍጥረት አሁን የታመመ ጫጩት አክሏል። ጤናዬ ይህን ስታይ የሚመታ ነገር ፈለገች።

በየነ እጅ ነስቶ ነጠላውን ገለጥ አደረገ።

«ውይ፣ ይቺ ደግሞ እንዴት ታምራለች!» አሉ ወይዘሮ ዱሬቲ።

በየነ አፉን ሲከፍት ጤናዬ ድንቡሼን ከእጁ ነጥቃ ያዘች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ። የኔ ናት» አለች።

እንደዚያ ያለ መልስ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። በየነን ላብ አጠመቀው። ጤናዬ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ዓይኗን ወደ ሽቦው ቤት መለሰች።

«የእርስዎስ እርግብ እንዴት ያምራል፣ እሜቴ!» አለች ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እንደዚህ ያለ ነጭ እርግብ አይቼ አላውቅም። አቤት ውበቱ!»

አድንቃ ቆመች። የወይዘሮ ዱሬቲ ፊት ተለዋወጠ። የጭሰኛ ሚስት የጌታን ዕቃ አድንቃ ትጠብቃለች? እንግዶቹ ወደ እሳቸው ዞሩ። እማማ ዘመነች ከዘራቸው ላይ እንደተደገፉ ፈገግ አሉ።

«ዱሬቲ፣ ሴትዮዋ አደነቀችልሽ እኮ» አሉ። «በኛ ቤት ይሄ አይታወቅም ይባል?»

ወይዘሮ ዱሬቲ ጥርሳቸውን ነክሰው «ላንቺ ይሁን» አሉ።

አሁን አንድ ሰው ዝም ቢል ነገሩ አለቀ። ግን በየነ ጨዋ ነው አላልኳችሁም? ሰጪ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ተቀባዩም መጀመሪያ ይግደረደራል። «ኧረ አይገባም እሜቴ!» አለ ጎንበስ ብሎ። «እርስዎ ዘንድ ነው የሚያምረው!»

«እንግዲህ ካላችሁ...» ብለው ወይዘሮ ዱሬቲ ቀና አሉ።

«እሱ ይግደርደር!» አለች ጤናዬ። «እኔ ተቀብያለሁ።»

የሽቦውን ቤት ከፍታ ሻምበልን በእጇ አወጣችው። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ይዛ በበሩ ወጣች። በየነ «አስደፈርሽኝ» እያለ እስከ ፌርማታው ተከተላት።

ቤት ስትደርስ እንቁላሎቹ ቀዝቅዘው ነበር። ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ብትሰማ ምንም የለም። አንዱን በየነ ፊት ሰበረችው፤ ጫጩቱ ውስጡ ላባ አውጥቶ ሞቷል። «እየው» አለችው። «ጨዋነትህ ይሄው ነው።» ከባለርስቱ በኩል ተነሱ ይሉናል ብሎ በየነ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ነበር፤ ማንም አልመጣም።

የሻምበል ላባ ከክረምቱ በኋላ ተተካ፤ መብረርም ጀመረ። መንጎራደዱ ተመለሰ፤ ሌባውን አመዶን ማሳደዱም ተመለሰ። ጤናዬ ደስ ብሏት አንድ ጠዋት ባለቀይ ጥለት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ካውያውን አነሳችና ትከሻዋን ሰጠችው። ሻምበል ነጠላውን አየና በርግጎ ጣሪያው ላይ ወጣ። ብትጠራው አልወረደም። በሶ ብታሳየው አልወረደም። ሌላ ነጠላ ለብሳ ሞከረች፤ ያው ነው። ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ ለሱ በየነ ሆኗል።

«ይረሳዋል፣ ወፍ አይደል» አለ በየነ ከበሩ ላይ ቆሞ።

ጤናዬ ነጠላዋን አውልቃ ከእግሩ ሥር ጣለችና በሹራቧ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሻምበል ብዙ ካያት በኋላ ወርዶ ጠረጴዛው ዳር ላይ አረፈ። ትከሻዋ ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣም።