ጨው ነጋዴዋ አሚያ

አሚያ ባሏ ከሞተ ወዲህ በአህያዋ ጨው ጭና የሊቃኦንያን ተራራማ መንደሮች ብቻዋን ታዳርስ ነበር። በኢቆንዮን ከተማ ወንጌል ሰምታ በተጠመቀች ሰሞን፣ ትሪፎን የሚባል ሰባኪ ወደ ተራራው ሊወጣ ተነሣ። ከግሪክኛ ሌላ ቋንቋ አያውቅም፤ ባላገሩ ደግሞ ግሪክኛ አይሰማም። ስለዚህ አሚያ ልትመራውም ልታስተረጉምለትም አብራው ወጣች። ገና መንገዱን ሳያጋምሱ ትሪፎንን ንዳድ ጣለው። ወደ ከተማ የሚወርዱ ነጋዴዎች በበቅሎ ሊወስዱት ተስማሙ።

«አንቺም ተመለሽ» አላት።

«እኔስ እሄዳለሁ።»

«ምን ብለሽ ልትሰብኪ?»

«የሰማሁትን ነዋ።»

አንድ መንደር ደርሳ ጨው እየሰፈረች፣ ስለ ኢየሱስ መሰቀልና ከሙታን መነሣት ነገረቻቸው። ወንዶቹ ሳቁ።

«ዘንድሮ ደግሞ አምላክ ጭነሽ መጣሽ?» አላት አንዱ ጎረምሳ። «ይልቅ አትረፍርፈሽ ስፈሪ።»

ናና የሚባሉ አሮጊት ግን አልሳቁም። «ልጄ አምና ሞተብኝ» አሉ። «ይህን ሳይሰማ ነው የሞተው። እሱስ ይነሣል?»

አሚያ አዎን ብትላቸው በወደደች። ግን ማንም አልነገራትም።

«አላውቅም፣ እማማ። ጠይቄ እመጣለሁ።»

«በረዶው መንገዱን ሊዘጋው እኮ ነው።»

«ሳይዘጋው እመጣለሁ።»

ወደ ኢቆንዮን ወርዳ ትሪፎንን ከተኛበት ጠየቀችው።

«እኔም አላውቅም» አላት። «የሚፈርደው ግን ወዳጁ መቃብር ላይ ቆሞ ያለቀሰው ጌታ ነው። ልጃቸውን ለእሱ ይተዉት።»

የከተማው ምእመናን በረዶው እስኪቀልጥ እንድትቆይ ለመኗት። «እስከዚያ አሮጊቷ ቢሞቱስ?» አለችና አህያዋን ትታ በእግሯ ወጣች። የተራራው አናት ላይ በረዶው እስከ ጉልበቷ ዋጣት። እማማ ናና ቤት ስትገባ እግሮቿ አይሰሟትም ነበር። መልሱን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

«ይህን ሁሉ መንገድ አላውቅም ልትዪኝ መጣሽ?»

«አዎ፣ እማማ። የማውቀውንም ልነግርዎት።»

አሮጊቷ ለብ ያለ ውሃ አቅርበው እግሯን ነከሩላት። «ዋሽተሽኝ ብትሄጂ ማን ያውቅብሽ ነበር?» አሉ። «በይ፣ ያለቀሰውን ሰው ነገር ከመጀመሪያው አጫውቺኝ።»

መንገዱ ተዘጋ፤ አሚያም እዚያው ከረመች። ጎረቤቱ ምድጃው ዙሪያ መሰብሰብ ያዘ። የሳቀባት ጎረምሳ መጀመሪያ በር ላይ ይቆም ነበር፤ ኋላ ገብቶ ተቀመጠ። በረዶው ቀልጦ ትሪፎን ሲመጣ፣ እማማ ናና ከሚጠመቁት ሁሉ ቀድመው ቆመው አገኛቸው። የአሚያን ሁለት የእግር ጣቶች ውርጭ በልቷቸው ነበር። እያነከሰች ከተራራው ባሻገር ወዳሉት መንደሮች ሄደች።